የመተማ ወንዞች ዓሦችና የአንድ ተመራማሪ ዕድሜ

መተማ ሲነሣ ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ሁለት ነገር ነው። አንዱ በ1889 ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የወደቁበት ጦርነት ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት፣ የአዋጅ ቁጥር ካልሆነ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሌላው ድንበሩ ነው፤ ሰሊጡ፣ ጥጡ፣ የጭነት መኪናው፣ ከ2023 ወዲህ ደግሞ ከሱዳን ጦርነት ሸሽቶ የሚገባው ሕዝብ። ዓሣ ትዝ የሚለው የለም። ከገንዳ ውሃ ወደ መተማ ዮሐንስ ሲወርድ ኮኪትን በመጋቢት ወይም በሚያዝያ የሚያልፍ መንገደኛ ደግሞ ጭራሽ ሊያስበው አይችልም። ሙቀቱ 40 ዲግሪ ይደርሳል፤ የቆላው ወንዝ ከድልድይ ላይ ሆነው ሲያዩት አሸዋና ጠጠር ነው።

ወንዙ ግን አልሞተም። ገደል ሥር፣ የዛፍ ጥላ ባለበት፣ ወንዙ በሚታጠፍበት ጥልቅ ቦታ ውሃው በየኩሬው ቆሞ ይቀራል። ክረምቱ እስኪገባ ድረስ የዚያ ወንዝ ዓሣ ያለው እዚያ ነው። ኩሬው የወንዙ ጎተራ ነው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ፣ ጎተራ ቢራቆት ከጎረቤት ይበደራሉ፤ ይህ ግን የዘሩም ማስቀመጫ ነው።

ይህን ጎተራ የሰው ልጅ ያወቀው ዛሬ አይደለም። በመጋቢት 2024 «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት ብዙ ሰው ሳያስተውለው ያለፈ ትልቅ የአካባቢ ታሪክ ነው። በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲው ጆን ካፕልማን የተመራው ቡድን በሽንፋ ወንዝ ዳር «ሽንፋ-መተማ 1» ተብሎ የተሰየመ ጥንታዊ የሰፈራ ቦታ ቆፍሯል። ከ74,000 ዓመት በፊት በኢንዶኔዥያ፣ በሱማትራ ደሴት፣ ቶባ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ነበር። ለዓይን የማይታየው የመስታወት ብናኙ እዚሁ ሽንፋ ዳር፣ ሰዎች በልተው ከጣሉት አጥንትና ከድንጋይ መሣሪያቸው ጋር በአንድ አፈር ውስጥ ተገኘ። ተመራማሪዎቹ የሰጎን እንቁላል ቅርፊትን መርምረው ከፍንዳታው በኋላ አየሩ ይበልጥ እንደደረቀ ደረሱበት። ታዲያ ሰዎቹ አለቁ? አላለቁም። በቦታው ከተገኘው የምግብ ትራፊ ውስጥ የዓሣው ድርሻ በእጅጉ ጨመረ። በጋው ሲረዝም ወንዙ ወደ ኩሬ ተለወጠ፤ ኩሬው ሲያንስ ዓሣው ለመያዝ ቀለለ። መንጠቆም መረብም የማይፈልግ ምግብ ነበር። ከዚህ ተነሥተው አጥኚዎቹ፣ ከአፍሪካ የወጣው የሰው ልጅ በለምለም ዘመን ብቻ ሳይሆን በድርቅም ጊዜ ከኩሬ ወደ ኩሬ፣ ወንዝ ለወንዝ እየተጓዘ ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ አቅርበዋል።

ሐሳቡ ገና ሊያከራክር ይችላል። የዓሣው አጥንት ግን አያከራክርም።

ጂኦግራፊውም ብዙ ሰው እንደሚገምተው አይደለም። ጣና ሩቅ ባይሆንም የመተማ ወንዞች ከጣና ጋር አይገናኙም። ጓንግ ከጣና በስተሰሜን ካለው የጭልጋ ደጋ ወደ ምዕራብ ይወርድና ድንበር ሲሻገር አትባራ ይባላል። ናይልን የሚቀላቀለው ከካርቱም አልፎ ሩቅ ወደ ሰሜን ከሄደ በኋላ ነው፤ ከእሱ በኋላ ናይል ሌላ ገባር የለውም። ገንዳ ውሃ የጓንግ ገባር ነው። ሽንፋ ሱዳን ሲገባ ራሃድ፣ በቋራ በኩል አልጣሽ ፓርክን የሚያጠጣው አይማ ደግሞ ዲንደር ይባላል፤ ሁለቱም ጥቁር አባይን ይቀላቀላሉ። ጣናን በበኩሉ 40 ሜትር ያህል የሚወድቀው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው አባይ ቆርጦታል። ከታች የሚመጣ ዓሣ ያንን ገደል አይወጣም። በዚህ የተነሣ ደጋ ላይ ያለው ሐይቅ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ ዓሦች ሲያበቅል፣ ቆላው ከሱዳን እስከ ምዕራብ አፍሪካ የተዘረጋውን የናይልና የሳህል ወንዞች ዓሣ ተካፈለ። በአንድ ቀን የመኪና መንገድ ውስጥ፣ ሁለት የተለያየ የዓሣ ዓለም አለ።

ይህን ልዩነት በስም ለይቶ መናገር የተቻለው ግን ቀስ በቀስ ነው፤ ታሪኩም እንደ ብዙው የሀገራችን ዕውቀት መጀመሪያ ወደ ውጭ የወጣ ነው። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ ጎንደር መጥቶ ከጣና የሰበሰባቸውን ዓሦች ወደ ፍራንክፈርት ወሰደ። ጣና ላይ «ቤሶ» የሚባለው ዓሣ የሳይንስ ስሙም እስካሁን ቤሶ የሆነው ሩፔል የአገሬውን ስም እንዳለ ስለወሰደው ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ በወረራው ዘመን ጣሊያኖች ሐይቁን አጥንተው ሌላ ዝርዝር አወጡ። በ1973 ሽብሩ ተድላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያን የወንዝና የሐይቅ ዓሦች የዘረዘረ መጽሐፍ አሳተሙ። በዚያው ዓመት ለንደን ላይ ባኒስተር የተባለ ተመራማሪ ሙዚየም ውስጥ ያሉትን ናሙናዎች መርምሮ ያንን ሁሉ የጣና ነጭ ዓሣ በአብዛኛው ወደ አንድ ዝርያ ጠቀለለው። አፉ የሰፋውም፣ ከንፈሩ የወፈረውም፣ ሌላ ዓሣ የሚያድነውም፣ ሣር የሚበላውም አንድ ተባለ።

ይህ ነገር የምሁራን ጠብ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ አይነሣም ነበር። ዝርያ ማለት ግን ለጥበቃ መቁጠሪያው ነው። አሥራ አምስቱን አንድ ካልናቸው፣ አሥሩ ቢጠፉ እንኳ «ዓሣው አለ» ይባላል።

የፕሮፌሰር አበበ ጌታሁን ሥራ መታየት ያለበት ከዚህ አንጻር ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው መምህር የዶክትሬት ጥናታቸውን የሠሩት በኒው ዮርክ ሲቲ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ አብረዋቸው የሠሩት የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ተመራማሪዋ ሜላኒ ስቲያስኒ ናቸው። የጥናቱ ርዕስ በሳይንስ ስሙ «ጋራ» የሚባለው የዓሣ ወገን ነው። ስሙ በ1822 ከሕንድ የዓሣ መዝገብ የመጣ እንጂ ከአማርኛው ጋራ ጋር ዝምድና የለውም፤ ግጥምጥሞሹ ግን ደስ ይላል፤ ዓሣው የሚወደው ከጋራ የሚወርደውን ፈጣንና ድንጋያማ ውሃ ነውና። ትንሽ ነው። አገጩ ሥር ባለው መምጠጫ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ጎርፉን ያሳልፋል። ገበያ አይወጣም፣ ማንም ለወጥ አይፈልገውም። የዓሣ ሀብት ማለት ኪሎና ብር በሆነበት አገር እንዲህ ባለ ዓሣ ላይ ዓመታት ማጥፋት ለብዙ ሰው የቅንጦት ሥራ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ወንዞች ቀድሞ እንዴት ይገናኙ እንደነበር፣ የትኛው ተፋሰስ ከየትኛው መቼ እንደተቆረጠ የሚመሰክሩት እንዲህ ያሉ ከቦታቸው የማይርቁ ዓሦች ናቸው። በ2007 ሁለቱ ተመራማሪዎች ለሳይንስ አዲስ የሆኑ የጋራ ዝርያዎችን ከኢትዮጵያ ገልጸው አሳተሙ፤ ከእነዚህ አንዱ በጣና፣ ሌላው በደምበጫ ተሰይመዋል።

ከዚያ በፊት በ1998 ሁለቱ «ሲነት» በተባለው የኢትዮጵያ የሳይንስ መጽሔት ስለ ወንዝና ሐይቅ ብዝኃ ሕይወት ቀውስ፣ ጥበቃ ለምን እንደሚያስፈልግ አንድ ረጅም ጽሑፍ አውጥተው ነበር። ጊዜውን ልብ በሉ። ያኔ ጥበቃ ሲባል ደን፣ ዋልያና ቀይ ቀበሮ ነበር፤ ውሃ ሲባል መስኖና መብራት። ውሃ ውስጥ የሚኖረው ፍጥረት በሁለቱም ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። አሁንም ቢሆን ብዙ አልተለወጠም። በምድር ላይ ካለው ውሃ ወንዝና ሐይቅ የሚይዙት እጅግ ኢምንት ነው፤ በዓለም ከሚታወቁት የዓሣ ዝርያዎች ግን ግማሽ ያህሉ የሚኖሩት እዚያ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ከ180 በላይ ዝርያዎች ተመዝግበዋል።

ጣና የዚህ ክርክር ፈተና ሆነ። በ1990ዎቹ ሊዮ ናገልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ የተባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ባኒስተር የጠቀለለውን ነጭ ዓሣ እንደገና ፈትተው አሥራ አምስት ያህል ዝርያዎች መሆናቸውን አሳዩ። ከአንድ አባት ተነሥተው በአንድ ሐይቅ ውስጥ እንዲህ የተለያዩ የዚህ ቤተሰብ ዓሦች ዛሬ በዓለም የቀሩት ጣና ላይ ብቻ ነው ይባላል፤ በፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅ የነበሩት አልቀዋል። ትንንሾቹን የጣና ዓሦች በማጥናት በ2003 ዋገኒንገን ላይ ዶክትሬታቸውን የያዙት እሸቴ ደጀን ደግሞ ከአበበ ጌታሁን ጋር ሆነው በ2012 የጣናን ዓሦች መለያ መጽሐፍ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ አሳተሙ። ፍራንክፈርት ሳይሄዱ፣ ባሕር ዳር ቁጭ ብለው የተያዘውን ዓሣ ስሙን ማግኘት የተቻለው እንዲህ ነው። ፕሮፌሰር አበበ በ2017 የመላ ኢትዮጵያን ዓሦች የያዘ መጽሐፍ ጨመሩበት።

ስሙ በደረሰበት ጊዜ ግን ዓሣው እየሄደ ነበር። እስከ 1986 ድረስ ጣና ላይ ዓሣ ማጥመድ በአብዛኛው በደንገል ታንኳ የሚሠራ፣ ነገደ ወይጦዎች ከአባት የወረሱት ሥራ ነበር። በዚያ ዓመት በተጀመረው የልማት ፕሮግራም የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ገባ። ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ስለሆነ ይህን እንደ ጥፋት ብቻ መቁጠር አይገባም። ችግሩ መረቡ የተዘረጋበት ቦታና ጊዜ ነው። ከነጭ ዓሦቹ ግማሽ ያህሉ ለመራባት በነሐሴና በመስከረም ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ሌሎች ገባሮች ይወጣሉ። በሺህ የሚቆጠር እንቁላል ያዘለ ዓሣ በጠባብ የወንዝ አፍ ሲያልፍ እዚያ መረብ የዘረጋ ሰው በአንድ ሌሊት የሚይዘውን ሐይቁ ላይ በሳምንት አያገኘውም። ከላይ ወንዙ ውስጥ ደግሞ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ መበተን የቆየ ልማድ ነው። ማርቲን ደ ግራፍ የመሩት በ2004 የታተመ ጥናት በአሥር ዓመት ውስጥ የነጭ ዓሣው ምርት በሦስት አራተኛ ያህል መውረዱን፣ ጫጩቶቹ ደግሞ ከዚያም በባሰ መቀነሳቸውን አሳየ።

ከዚያ ግድቦቹ መጡ። በ2008 አበበ ጌታሁን፣ እሸቴ ደጀንና ዋሴ አንተነህ ለርብ ወንዝ የመስኖ ፕሮጀክት የዓሣ ጥናት ሠርተው ሪፖርቱ በዓለም ባንክ ሰነድነት ወጣ። ግድቡ ተሠራ። መስኖ ለፎገራ ገበሬ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ግድቡን በጅምላ አይቃወምም፤ የሦስቱም ሥራ የተቃውሞ አልነበረም። ነገር ግን በእኛ አገር የአካባቢ ጥናት ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ውሳኔው ካለቀ በኋላ ነው። ተመራማሪው ዓሣው በየት በኩል እንደሚያልፍ ይጽፋል፤ መሐንዲሱ ንድፉን ጨርሷል። ጥናቱ ለፋይል ይሆናል።

ወደ ቆላው እንመለስ። ከጣና ጋር ሲወዳደር የመተማ ወንዞች በጥናት ረገድ የተረሱ ነበሩ፤ የውጭ ተመራማሪም ሆነ የልማት ገንዘብ ሲመጣ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሐይቁ ነው። ይህን ክፍተት ከሞሉት ሥራዎች አንዱ የባሕር ዳር ዓሣና ሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ተመራማሪ የሆኑት ደረጀ ተዋበ፣ ከአበበ ጌታሁንና ከእሸቴ ደጀን ጋር በገንዳ ውሃ፣ በጓንግ፣ በሽንፋና በአይማ ወንዞች ላይ ያደረጉት ጥናት ነው። የየወንዙን ዓሣ በዝርያና በብዛት መዘገቡ፤ ሰው በምን እንደሚያጠምድም አዩ። መምህር፣ የመምህሩ የሥራ ባልደረባና ወጣት ተመራማሪ በአንድ ወረቀት ላይ ሲታዩ የአንድ ሳይንስ ትውልድ እንዴት እንደሚቆም ያሳያል። ፕሮፌሰር አበበ ከጻፏቸው መጻሕፍት ይልቅ የሚበልጠው ሥራቸው ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የዝርዝሩ ጥቅም አሁን፣ ከዓመታት በኋላ፣ ይበልጥ ይታያል። ምክንያቱ ድንበር ማዶ ነው። ሱዳን አትባራ ላይ በ1964 የኻሽም ኤል ጊርባን ግድብ ሠራች። በ2017 ደግሞ ከዚያ በላይ፣ ወደ እኛ ድንበር ቀርቦ፣ ሩሜላና ቡርዳና የተባሉት መንታ ግድቦች ተመረቁ፤ አንዱ በላይኛው አትባራ፣ ሌላው እነሱ ሴቲት በሚሉት ተከዜ ላይ። ቀድሞ የጓንግ ኩሬ አንድ በጋ ባዶ ቢቀር ክረምት ሲመጣ ከታች ከናይል በኩል ሽቅብ የሚዋኝ ዓሣ ሊተካው ይችል ነበር። አሁን ያ በር ተዘግቷል። ከግድቡ ሐይቅ የሚወጣ ዓሣ ይኖራል፤ ነገር ግን ረግቶ ከሚቆም ውሃ የሚስማማው ዝርያና ከሚፈስ ወንዝ የሚስማማው አንድ አይደሉም። በበጋ ጓንግ ኩሬ ውስጥ የቀረው የፈሳሽ ውሃ ዓሣ እንግዲህ ራሱን በራሱ ካልተካ ተተኪ የለውም።

እዚህ ላይ አንድ የማይወራ ነገር አለ። ዓቢይ ጾም የሚውለው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ፣ ማለትም የቆላው ወንዝ ወደ ኩሬ በሚጠብበት ወቅት ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ከቤት ቤት ይለያያል፤ በከተማ ግን የዓሣ ፍላጎትና ዋጋ በጾም እንደሚጨምር ነጋዴው ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ የገበያው ጉጉትና የዓሣው ድካም በአንድ ወር ይገናኛሉ። ፍልሰታ ደግሞ ነሐሴ ላይ ይውላል፤ ያኔ ነው የጣናው ዓሣ እንቁላሉን ይዞ ወደ ወንዝ መውጣት የሚጀምረው። የሁለቱ አጽዋማት ወቅት ዓሣው እጅግ በሚጋለጥበት ሁለት ወቅት ላይ መውደቁ የማንም ጥፋት አይደለም። ግን ወሩና ቦታው ይታወቃል ማለት ነው። ዓመቱን ሙሉ ሰው እንዳያጠምድ መከልከል አያስፈልግም፤ ጣና ላይ የወንዝ አፎችን ለሁለት ወር፣ ቆላ ላይ ደግሞ በየወንዙ ጥቂት ጥልቅ ኩሬዎችን ለበጋው ብቻ መጠበቅ ብዙ ያድናል። በአልጣሽ ፓርክ ክልል ውስጥ ያሉት ኩሬዎች በስም ቢያንስ ጥበቃ አላቸው፤ ጓንግና ገንዳ ውሃ ግን በእርሻና በከተማ መሃል ነው የሚያልፉት።

ሕጉ የለም ማለት አይቻልም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 መርዝና ፈንጂን የመሳሰሉ አጥፊ ማጥመጃዎችን ይከለክላል። ነገር ግን አዋጁ ሲታሰብ በአእምሮ ውስጥ የነበረው ጀልባ፣ ማኅበርና የዓሣ ማስረከቢያ ያለው ሐይቅ ይመስላል። የቆላ ወንዝ ዳር ማኅበር የለም፣ ማስረከቢያ የለም። ያለው በሰሊጥ ወቅት ከደጋ ወርዶ በጋውን የሚያሳልፍ የቀን ሠራተኛ፣ ከብቱን ውሃ የሚያጠጣ አርብቶ አደር፣ ከገበያ ለአረም የተገዛ ኬሚካልና አንድ ኩሬ ነው። ለአረም የመጣው ኬሚካል ለዓሣም እንደሚሠራ ለማወቅ ዶክትሬት አያስፈልግም። የዕፅዋት መርዝ ቢያንስ ከጊዜ በኋላ ኃይሉ ይሟጠጣል፤ የፋብሪካው ኬሚካል ግን ከዓሣው አልፎ ያንኑ ውሃ የሚጠጣውን ከብትና ሰውም ይነካል።

የጓንግና የሽንፋ የዓሣ ዝርዝር የተሠራው ሩሜላ ከመመረቁ፣ ድንበሩም አሁን ያለበት ሁኔታ ላይ ከመድረሱ በፊት ነው። ስለዚህ ከግድቡ በፊት ምን እንደነበረ የሚናገር የጽሑፍ ምስክር አለን፤ ብዙ የአፍሪካ ወንዞች ይህ ዕድል የላቸውም። ያንኑ ወንዝ፣ ያንኑ ኩሬ፣ በዚያው ወር መረብ ዘርግቶ ከቀድሞው ዝርዝር ጋር ማመሳከር ለአንድ የማስተርስ ተማሪ የሁለት በጋ ሥራ ነው። ለዚያ የሚያስፈልገው አራት መረብ፣ አንድ መኪናና የመለያው መጽሐፍ ሲሆን፣ ከእነዚህ መካከል አሁን በእርግጠኝነት ያለው መጽሐፉ ነው። መኪናው የሚሄድበት ከጎንደር በገንዳ ውሃ ወደ ኮኪት የሚወስደው መንገድ ደግሞ በእነዚህ ዓመታት ለተማሪና ለመረብ የተመቸ አልሆነም።